ሳይቃጠል በቅጠል፦ ሞዲፋይ የተደረገ ሞተር ሙቀቱ እንዴት ይለካል? እንዴትስ ይቀዘቅዛል?

ከደምበጫ ፍኖተ ሰላም፣ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ባለው መስመርና በዙሪያው ባለው ገጠር ሞተር ሳይክል የመዝናኛ ዕቃ አይደለም። እህሉን ወፍጮ ቤት፣ በሽተኛውን ጤና ጣቢያ፣ የግብርና ባለሙያውን ቀበሌ የሚያደርስ እግር ነው። ለብዙ ወጣት ደግሞ እንጀራ ነው።

ለዚህም ነው ብዙዎች "ትንሽ ጉልበት ብንጨምርለትስ?" ብለው የሚነካኩት። ሲሊንደር ያሰፋሉ፣ ማርሚታ ይቀይራሉ፣ ፊልትሮ ያወልቃሉ፣ ፒኞን ይለውጣሉ። ጉልበቱ ይመጣል። ከጉልበቱ ጋር ግን ማንም ያልጠራው እንግዳ አብሮ ይገባል፤ ሙቀት።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ አንድ ነው፦ ከመነካካት በፊት መለካት። ሞተራችሁ ደህና በሆነበት ቀን ስንት ዲግሪ እንደሚሞቅ ካላወቃችሁ፣ የታመመ ቀን መታመሙን አታውቁም። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡትና ጋራዥ ስትገቡ አውጡት።

መጀመሪያ በቃላት እንግባባ

እዚህ ላይ "ሞተር" ስንል ሞተር ሳይክሉን ነው። ነዳጅ የሚያቃጥለውን ክፍል "ኢንጅን" እንለዋለን። "ቴስታታ" ካንዴላው የሚታሰርበት የኢንጅኑ ራስ ነው። "ሲሊንደር" ፒስተኑ የሚመላለስበት ቤት ነው። "ክንፎች" የምንላቸው ደግሞ በቴስታታውና በሲሊንደሩ ዙሪያ የተደረደሩትን ቀጫጭን ሽንሽኖች ነው። ብዙ ሰው ለጌጥ ይመስሉታል። አይደሉም፤ የሞተሩ ራዲያተር እነሱ ናቸው።

ሙቀቱ ምን ያህል ነው?

አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ኃይል አለ። የቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። ስለዚህ በሰዓት አንድ ሊትር የሚጨርስ ሞተር ሁለት ተኩል ያህል ምጣድ በአንድ ጊዜ እንደ መጣድ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጎማውን የሚያዞረው ሩቡ ገደማ ብቻ ነው። ከሲሶው በላይ በማርሚታ በኩል ከጭሱ ጋር ይወጣል። የቀረው፣ አንድ ምጣድ የሚያህለው ሙቀት፣ በቴስታታ፣ በሲሊንደርና በዘይት በኩል ወደ አየር መውጣት አለበት። በሁለት ጉልበታችሁ መካከል ምጣድ ጥዳችሁ ነው የምትሄዱት ማለት ነው።

ካልወጣስ? ብረት ሲሞቅ ይሰፋል። ፒስተኑ አልሙኒየም ነው፤ በተለመደው ሲሊንደር ውስጥ ያለው ቤት ደግሞ ብረት ነው። አልሙኒየም ከብረት በእጥፍ ገደማ ይሰፋል። 56 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፒስተን ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር ከ0.1 ሚሊ ሜትር በላይ ይወፍራል፤ ቤቱ ግን የሚሰፋው የዚያን ግማሽ ያህል ነው። በመካከላቸው የተተወው ክፍተት ከፀጉር ዘለላ የማይሻል ነው። ክፍተቱ ሲያልቅ ዘይቱ ተጨምቆ ይወጣና ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ይቆማል። እዚህ ላይ ነገሩ የብር ጉዳይ ብቻ መሆኑ ያበቃል። ኢንጅኑ በድንገት ሲቆም የኋላ ጎማው አብሮ ይቆለፋል፤ ከኋላችሁ ሰው ተቀምጧል።

"በአየር የሚቀዘቅዝ" ማለት ምን ማለት ነው?

የደምበጫ አረቄ ስሙ የታወቀ ነው። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እንፋሎቱ በቱቦ አልፎ፣ ውኃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ማጠራቀሚያ ሲገባ ይቀዘቅዝና ጠብ ጠብ ይላል። አውጪዋ ግን ውኃውን አስቀምጣ አትረሳውም። ሲሞቅ ትቀይረዋለች፤ የሞቀ ውኃ አያቀዘቅዝማ።

አየርም እንዲሁ ነው። በክንፎቹ መካከል ያለው አየር ከሞቀ በኋላ በአዲስ አየር ካልተተካ ሥራውን አቁሟል። ሞተር ሲሄድ ንፋሱ ራሱ ይተካዋል። ሲቆም የሚተካው የለም።

ለዚህ ነው በአየር የሚቀዘቅዙ ሌሎች ተሽከርካሪዎች ፋን ያላቸው። የድሮዋ ቮልስ ዋገን ኢንጅኗ ከኋላ ስለሆነ ትልቅ ፋን ነበራት። ከተማው ውስጥ የሚዞረው ባለ ሦስት እግር ባጃጅም ኢንጅኑ ከወንበር ሥር ስለሆነ አየሩን የሚገፋለት ፋን አለው። እንደ ቦክሰር ወይም አፓቼ ያሉት በአየር የሚቀዘቅዙ ሞተሮች ግን ፋን የላቸውም። ፋናቸው ጉዟቸው ነው።

ከዚህ አንድ ነገር እንማር። የከባድ መኪና ሹፌሮች ዳገት ወጥተው ሲቆሙ ሞተሩን ሳያጠፉ ትንሽ ያቆዩታል። ለእነሱ ልክ ነው፤ ፋንና የሚዞር ውኃ አላቸው። በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር ግን ቆሞ በሚኒሞ ማስነሳት ማቀዝቀዝ አይደለም፤ ያለ ንፋስ ነዳጅ ማቃጠል ነው። ዳገቱን እንደጨረሳችሁ ሜዳው ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ በለሰለሰ ጋዝ ንዱ፤ ከዚያ ስትቆሙ አጥፉት።

ምን ሲነካ ምን ይሞቃል?

1. ሲሊንደር ማስፋት። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ጥገና ነው፤ ያረጀ ሲሊንደር በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር ተሰፍቶ አዲስ ፒስተን ይገባለታል። ይህ ሙቀቱን እምብዛም አይለውጥም። ሁለተኛው ለጉልበት ተብሎ ትልቅ ፒስተን መክተት ነው። ስሌቱን እዩት፦ የቦክሰር 150 ሲሊንደር ስፋቱ 56 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ 62 ቢወሰድ ኢንጅኑ በአንድ ዙር የሚውጠው ድብልቅ በ23 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ክንፎቹስ? ያው የድሮዎቹ ናቸው። የሲሊንደሩ ግድግዳ ደግሞ ሳስቷል። አራት ምጣድ ለነበረው ቤት አምስተኛ ምጣድ ጨምራችሁ ጭስ ማውጫውን እንደነበረ እንደ መተው ነው።

2. ማርሚታና ፊልትሮ። ማርሚታውን ከፈት፣ ፊልትሮውን ወለቅ ሲያደርጉት ብዙ አየር ይገባል። ካርቡራተሩ ግን የሚሰጠው ነዳጅ በዚያ ልክ አይጨምርም። ድብልቁ ይሳሳል፤ አየሩ በዝቶ ነዳጁ ያንሳል ማለት ነው። የሳሳ ድብልቅ ጋዝ ሲጨመቅ ኢንጅኑን ያግላል፣ ካንዴላውን ያነጣል። ድምፁ ስላማረ ሞተሩ ተሻለው ማለት አይደለም። ፊልትሮ ማውለቅ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው፤ በበጋ የጠጠር መንገድ ላይ ያለው አቧራ ቀጥታ ገብቶ ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

3. ፒኞንና ኮሮና። የፊቱን ፒኞን ከ14 ጥርስ ወደ 13 ካወረዳችሁት፣ በተመሳሳይ ፍጥነት ኢንጅኑ ወደ 8 በመቶ የሚሆን ተጨማሪ ዙር ይዞራል። ለዳገትና ለጭነት ይረዳል፤ አስፋልት ላይ በሙሉ ፍጥነት ረጅም ሰዓት መንዳት ግን ያግለዋል። ተቃራኒው ይብሳል። ለፍጥነት ብሎ ትልቅ ፒኞን የገጠመ ሰው፣ ዳገት ላይ ማርሽ ሳይቀንስ ጋዝ ሲጨምቅ፣ ኢንጅኑ በዝቅተኛ ዙር ይጨነቃል። ከፍ ያለ ሙቀትና ዝግተኛ ንፋስ የሚገናኙት እዚያ ነው።

4. ቴስታታ ማስላግ። ከቴስታታው ሥር ጥቂት ብረት ሲነሳ ድብልቁ የበለጠ ይታመቃል። ጉልበት ይጨምራል፤ ግን ጥሩ ቤንዚን ይጠይቃል። ቤንዚኑ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ የተቀላቀለበት ከሆነ ያለ ጊዜው ይፈነዳል፤ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ ሲንኳኳ የሚመስለው ድምፅ ያ ነው። ያ ድምፅ ፒስተን ይበሳል።

5. ጌጥና ሽፋን። የፊት መከላከያ ብረት ላይ የሚታሰር ሸራ፣ ከኢንጅኑ ፊት የሚንጠለጠል ጀሪካን፣ ትልልቅ ፕላስቲክ፦ ሁሉም ንፋሱን ይዘጋሉ። ምንም ሳትነካኩት ሞተራችሁን "ሞዲፋይ" አድርጋችሁታል፤ ወደ መጥፎው።

በነገራችን ላይ የኢንጅን ቁጥር ያለበትን አካል መቀየር ከሊብሬው ጋር ያጣላል። እንዲህ ያለ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የከተማችሁን ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ደጋ ላይ የተስተካከለ፣ በረሃ ላይ ይከዳል

ይህ ክፍል በተለይ ለእኛ አካባቢ ነው። ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,900 እስከ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በ2,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በ18 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ባለ ካርቡራተር ሞተር እዚህ ሲመጣ አየሩ አንሶ ነዳጁ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ጎበዝ መካኒክ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ያስተካክለዋል። እስከዚህ ጥሩ።

ችግሩ ሞተሩ ቁልቁል ሲወርድ ነው። ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ ዓባይን ለመሻገር ቆላ ይወርዳል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ደግሞ ከደጀን ተነስቶ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወደ ጎሃ ጽዮን ይወጣል፤ ድልድዩ ያለበት ቦታ ከሁለቱ ከተሞች ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። እታች አየሩ ይሞቃል፤ ሙቀቱን አስበነው እንኳ ደጋው ላይ ካለው በ10 በመቶ ገደማ የጠነከረ ነው። ደጋ ላይ በቁጠባ የተስተካከለ ካርቡራተር ይህን አያውቅም። ብዙ አየር ይገባል፣ ነዳጁ በዚያ ልክ አይመጣም፣ ድብልቁ ይሳሳል። የሚሳሳውም ቀኑ በሞቀበት፣ ረጅሙ ዳገት በሚጀምርበት፣ ጭነትና ሰው ባለበት ቦታ ላይ ነው። ደምበጫ ላይ ለወራት ደህና የነበረ ሞተር ዓባይ ላይ የሚነክሰው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው፦ ቆላ የምትወርዱ ከሆነ መካኒካችሁን አስቀድማችሁ ንገሩት። ሞዲፋይ የተደረገ ሞተር ሁልጊዜ ነዳጁ ትንሽ ጠገብ እንዲል ይስተካከል። ጥቂት ቤንዚን መክሰር ፒስተን ከመክሰር ይሻላል። ኢንጄክሽን ያላቸው አዳዲስ ሞተሮች የከፍታውን ልዩነት በተወሰነ ደረጃ ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ ባለ ካርቡራተሮቹ ግን እናንተን ነው የሚጠብቁት።

ባለ ሁለት ምት ሞተር፣ እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ያለ፣ ካላችሁ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። የእነዚህ ፒስተን የሚቀባው ከነዳጁ ጋር በሚገባ ዘይት ነው። በረጅም ቁልቁለት ጋዙን ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ ኢንጅኑ በከፍተኛ ዙር እያጓራ ከወረደ ዘይትም አብሮ ያንሰዋል። በየመሐሉ ለአፍታ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ጥቂት ጋዝ ስጡት።

ሙቀቱ በምን ይለካል?

በእጅ ዳበሳና በግምት አይደለም። አማራጮቹ እነዚህ ናቸው፦

• የካንዴላ ቀለበት መለኪያ። ከካንዴላው ሥር እንደ ጓርኒሲዮን የሚገባ ቀለበትና ከእሱ የሚወጣ ሽቦ አለው፤ ሽቦው መሪው ላይ ካለች ትንሽ ስክሪን ጋር ይገናኛል። እየነዳችሁ የቴስታታውን ሙቀት ታያላችሁ። ሞዲፋይ ለተደረገ ሞተር ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው። ቀለበቱ ሲገባ የካንዴላው የራሱ ቀለበት መነሳት እንዳለበት ወይም እንደሌለበት መመሪያውን እዩ፤ ካንዴላው ላልቶ እንዳይታሰር።

• የዘይት ሙቀት መለኪያ። በዘይት መሙያው ክዳን ቦታ የሚገባ ባለ ቀስት መለኪያ ነው። ዘይት ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ድንገተኛ ችግርን አያሳይም፤ የረጅም መንገዱን ድካም ግን በደንብ ይናገራል።

• የጨረር ቴርሞሜትር ("ሽጉጡ")። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረው አይደለም፤ እሱ የሰው ትኩሳት ብቻ ነው የሚለካው። ለጋራዥ የሚሸጠው እስከ 300 ዲግሪና ከዚያ በላይ ያነባል። አንድ ወጥመድ አለው፦ የሚያብለጨልጭ አልሙኒየም ላይ ሲደገን ከእውነተኛው በጣም ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ስለዚህ ቴስታታው ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ሙቀት በሚችል ቀለም አድርጉና ሁልጊዜ እሷን ብቻ ለኩ።

• የውኃ ጠብታ። ምንም መለኪያ ከሌለ፣ የጋለ ምጣድ እንደሚፈተነው ነው። በጣት ጫፍ አንድ ጠብታ ክንፉ ላይ ጣሉ። እኛ አካባቢ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ቸስ ብሎ ከደረቀ ከዚያ በላይ ነው፤ ይህ ጤነኛ ነው። ጠብታው ሳይደርቅ እንደ ዶቃ ተንከባሎ ከዘለለ ወደ 200 ዲግሪ ተጠግቷል፤ አቁሙ። አንድ ጠብታ ብቻ! በጆግ ማፍሰስ የጋለ ብረትን ያጣምማል፣ ሊሰነጥቅም ይችላል።

ስልክ ላይ ያለው "ቴርሞሜትር" አፕስ? የሚያሳየው በአብዛኛው የስልኩን የራሱን ባትሪ ሙቀት ነው። ኢንጅን አይለካም። ስልካችሁ የሚጠቅመው ለመመዝገብ ነው።

ቁጥሮቹን እንዴት እናንብብ?

በካንዴላ ቀለበት ሲለካ፣ በአየር ለሚቀዘቅዙ ትናንሽ ሞተሮች ግምታዊ መመሪያው ይህ ነው፦

ከ120 እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፦ የተለመደ ሥራ ላይ ነው።
ከ180 እስከ 200፦ ዳገት ላይ ለአጭር ጊዜ ያጋጥማል፤ ዓይናችሁን አትንቀሉ።
ከ200 እስከ 220፦ ጋዝ ቀንሱ፣ ማርሽ አውርዱ፣ ንፋስ ፈልጉ።
ከ220 በላይ፦ ጥግ ይዛችሁ አቁሙ።

ለማነጻጸር ያህል፣ ሴስና 172 የምትባለው ትንሽ አውሮፕላንም በአየር በሚቀዘቅዝ ኢንጅን ነው የምትበረው። የላይኮሚንግ ኢንጅኗ የቴስታታ ከፍተኛ ገደብ 260 ዲግሪ ነው፤ ረጅም ዕድሜ የሚፈልግ አብራሪ ግን ከ224 በታች እንዲያቆየው ይመከራል። አብራሪዎቹ ያንን ቁጥር በመሣሪያ ያዩታል እንጂ በጉልበታቸው ሙቀት አይገምቱትም።

ዘይት ላይ ደግሞ ከ80 እስከ 110 ዲግሪ ጥሩ ነው። ከ130 ካለፈ ዘይቱ እየቀጠነ ስለሆነ እረፉ።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ዋጋ ያለው ግን የራሳችሁ ሞተር ቁጥር ነው። እንዲህ አድርጉ፦ ምንም ከመቀየራችሁ በፊት አንድ የምታውቁትን መንገድ ምረጡ፤ ለምሳሌ ከደምበጫ ወደ ደጋ ዳሞት የሚወጣውን ዳገት። በተመሳሳይ ጭነት፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ሦስት ቀን ንዱ። ከፍተኛውን ቁጥር፣ ቀኑንና ጭነቱን ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና ያንኑ መንገድ ድገሙት። ሦስት ነገር በአንድ ቀን የቀየረ ሰው፣ ሞተሩ ሲግል የትኛው እንዳጋለው አያውቅም። ቁጥሩ ያለ ምክንያት በ15 ወይም በ20 ዲግሪ ከጨመረ ምክንያቱን ሳታገኙ ሰው አትጫኑ።

ካንዴላው ምን ይላል?

ካንዴላ የኢንጅኑ ምላስ ነው። ጥሩ ጉዞ ካደረጋችሁ በኋላ፣ ሲቀዘቅዝ ፍቱትና ፎቶ አንሱት።

• ቡናማ ወይም ግራጫ፦ ጤነኛ።
• ደረቅ ጥቁር ጥላሸት፦ ነዳጅ በዝቷል።
• እርጥብ፣ ዘይታም፦ ዘይት ወደ ላይ እየወጣ ነው።
• ነጭ፣ ያበጠ ወይም የቀለጠ ጫፍ፦ በጣም ግሏል። አትንዱት።

ካንዴላ ስትቀይሩ ቁጥሩን እዩ። በኤንጂኬ ካንዴላ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ሙቀት ቶሎ የሚያስወጣ፣ "ቀዝቃዛ" ይሆናል፤ 8 ቁጥሩ ከ7 ቁጥሩ ይቀዘቅዛል። በቦሽ ግን ተገላቢጦሽ ነው። አንድ ነገር አትርሱ፦ ቀዝቃዛ ካንዴላ የካንዴላውን ጫፍ እንጂ ኢንጅኑን አያቀዘቅዝም።

በየዕለቱ የሚደረግ

1. ዘይት። እነዚህ ሞተሮች የሚይዙት አንድ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ሩብ ሊትር ቢጎድል የዘይታችሁ ሩቡ ጎደለ ማለት ነው። በየጠዋቱ ሞተሩን ሜዳ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ እዩ። መመሪያው የሚያዘውን ውፍረት ግዙ፤ ለብዙዎቹ የሕንድ ሞተሮች 20ደብልዩ50 ነው። ዕቃው ላይ "ጃሶ ኤም ኤ" የሚል ምልክት ፈልጉ፤ ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ለሚዋኝ ሞተር የተሠራ መሆኑን ይናገራል። የተከፈተ ዘይት አትግዙ። ሞዲፋይ ለተደረገ ሞተር ከመመሪያው ቀደም ብላችሁ ቀይሩ።

2. ክንፎች። የሐምሌና የነሐሴ ጭቃ ክንፎቹ መካከል ደርቆ ሲቀር ኢንጅኑ ጋቢ ለበሰ ማለት ነው። ማታ ሲቀዘቅዝ በቀጭን እንጨትና በብሩሽ አጽዱ። ሲግል አትጠቡት።

3. ቤንዚን። ማደያ ጠፍቶ በሀይላንድ ከመንገድ ዳር ስትገዙ፣ ከእሳት ርቃችሁ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተኖ ወረቀቱን ያለ ምልክት ይተወዋል። ቅባት መሳይ ክብ ከቀረ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ተቀላቅሎበታል።

4. አዲስ ፒስተን። ሲሊንደር ካሠራችሁ በኋላ ወዲያው ጭነት አትጫኑ። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ በተለያየ ፍጥነት ንዱ፣ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፤ ይህን ደጋግሙት። ፒስተንና ሲሊንደር የሚላመዱት በዚህ ነው።

5. የዘይት ራዲያተር። ሲሊንደር ላሰፋ ሰው ጠቃሚ ጭማሪ ነው። ነገር ግን የዘይት ፓምፑ ጤነኛ መሆን አለበት፤ ቱቦዎቹም ማርሚታውን እንዳይነኩ ተደርገው ይታሰሩ። የሚያፈስ ራዲያተር ካለመኖሩ ይከፋል።

መንገድ ላይ ሲግል

ምልክቶቹ፦ ጉልበት ያለ ምክንያት መቀነስ፣ ጠጠር የሚመስል ድምፅ፣ የተቃጠለ ዘይት ሽታ፣ ቁልፍ አጥፍታችሁም ኢንጅኑ መንደቅደቁን አለማቆሙ።

ከእነዚህ አንዱን ስታዩ፦

• ጋዝ ልቀቁ፣ ፍሪሲዮን ያዙ፣ ወደ ቀኝ ጥግ ውጡ። ለማጥፋት አትቸኩሉ እንጂ አቁማችሁ አታስነሱት።
• ፊቱን ወደ ንፋስ አዙራችሁ ጥላ ውስጥ አቁሙት። ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ስጡት። ውኃ አታፍሱበት።
• ሲበርድ ዘይቱን፣ ክንፎቹንና ካንዴላውን እዩ። ዘይት ከጎደለ ሳትሞሉ አታስነሱ።
• ቁልፉን ሳትከፍቱ መምቻውን በእጅ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። ሸካራ ከሆነ ወይም ከያዘ በመኪና ወደ ጋራዥ ይሂድ። "ትንሽ ዘይት ጠብ አድርገንበት እንሞክር" የሚለው ምክር የሚጠገነውን ሲሊንደር የሚጣል ያደርገዋል።

እየነዳችሁ ኢንጅኑ በድንገት ቢይዝስ? የኋላ ጎማው ሲቆለፍ አንድ መዳኛ ብቻ አለ፤ ፍሪሲዮኑን ወዲያው መያዝ። ያኔ ጎማው ከኢንጅኑ ይለቀቃል፣ ሞተሩ ይንከባለላል። ሞዲፋይ በተደረገ ሞተር ዳገት ወይም ረጅም አስፋልት ስትነዱ ሁለት ጣት ሁልጊዜ ፍሪሲዮኑ ላይ ይሁን። ልማድ ካልሆነ በዚያች ቅጽበት አይታወስም።

በአጭሩ

ጉልበት መጨመር ኃጢአት አይደለም። ዳገቱ ብዙ፣ መንገዱ ረጅም ነው። ግን ለፒስተን የሚወጣው ገንዘብ ላይ የመለኪያው ዋጋ ተጨማሪ ቢመስልም በጣም ትንሹ ወጪ እሱ ነው፤ መግዛት ያለባችሁም ከፒስተኑ በፊት ነው። ለኩ፣ ጻፉ፣ አንድ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ሲናገር ስሙት፤ ከኋላችሁ የተቀመጠው ሰው ቁጥሩን አያየውም፣ የሚያምነው እናንተን ነው።

ሞተር ለሚነዳ ጓደኛችሁ አጋሩት። እናንተ ጋ ዳገት ላይ ስንት ዲግሪ ያነባል? መንገዱንና የሞተሩን ዓይነት ጨምራችሁ ጻፉልን።